ደጅ የሚሰቀል አካፋ

ጂንዳባይን፣ ሜይ 9 ቀን 1983

ለውድ እህቴ ለኖሪን፣

እንዴት ሰነበትሽ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? ዳርዊን ላይ ሰው በዚህ ወር ባዶ እግሩን ይሄዳል ስላት ማሪዮን አታምነኝም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ማሪዮን ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ድናለች። ልጃችን ኬሪን በቁመት እናቷን አልፋለች፣ በምላስ ደግሞ አንቺን ልታልፍ ምንም አልቀራት። ሱቁም እንዳለ ነው። የምናከራያቸውን የበረዶ መንሸራተቻዎች ከቆጥ አውርጄ ሰም ስቀባ ነው የምውለው፤ ተራራው ጫፍ ላይ ትንሽ በረዶ ጥሏል። ፐርሲና ኤድና ሰላም በልልን ብለዋል። ኤድና ወፍራም ሹራብ እየሠራችልሽ ነው። ዳርዊን ላይ ምን ያደርግላታል ብላት፣ "ለዳርዊን ማን ሠራላት" አለችኝ።

ባለፈው በስልክ ስላደረግኩት ነገር ይቅርታ አድርጊልኝ። ሳልነግርሽ ስልኩን ለአባባ ማቀበል አልነበረብኝም። ዝም ስትዪ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው "ይሄ ስልክ ድሮም አይረባም" ብለው ዘጉት። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲራገሙ ዋሉ፣ ስላንቺ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም።

እንዴት ናቸው ላልሽው፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ደህና የሚሆነውን ያህል ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ይቆጣሉ፣ አንዳንድ ነገር ይረሳሉ። ሐኪሙ ከዚህ ክረምት በኋላ ተራራ መውጣት የለም ብሏቸዋል። "አንተ መጀመሪያ አንድ ቀን ወጥተህ ና፣ ከዚያ እናወራለን" ብለው መለሱለት፤ ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። ማታ ማታ ጫማቸውን ቅባት ይቀባሉ።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ኦገስት ላይ እንደ ልማዳችን ለሳምንት ተራራው ላይ ወዳለው ጎጆ እንወጣለን፤ እኛ፣ ከአባባ የድሮ ጓደኞችም የቀሩት ፐርሲና ኤድና። አባባ "ሁለቱም ልጆቼ ካልመጡ እኔም አልወጣም" ብለዋል። ኖሪን፣ የመጨረሻቸው ነው። ቂም ቢኖርሽም ከሌላ ሰው ጋር እንጂ ከሳቸው ጋር አይደለም፤ ያ ሰው ደግሞ ከሄደ ቆይቷል።

ስለዚያው ሰው የጠየቅሽኝን በተመለከተ፣ ቲቦር የት እንደገባ በትክክል አላውቅም። ኩዊንስላንድ በአንድ የስኳር ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለምን እንደፈለግሽው አልጠይቅሽም።

ወንድምሽ ራስል


ዳርዊን፣ ጁን 2 ቀን 1983

ራስል፣

ሰላምታህ ግማሽ ገጽ ፈጀ። ድሮም የምትደብቀው ነገር ሲኖርህ ሰላምታ ታበዛለህ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱም ተመችቶኛል፣ ለሱ ብዬ አይደል የመጣሁት።

ማሪዮን በላከችልኝ ካርድ ላይ ጽሕፈቴን ስታይ የኬሪን መስሏት እንደነበር ነግራኛለች። በግራ እጇ የምትጽፍ የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ከዚህ የተሻለ አይሆንላትም። ሥራ አግኝቻለሁ፤ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት እሸጣለሁ። ትኬት ለመቅደድ የቀኝ እጅ አውራ ጣት ብቻውን ይበቃል። ጸጉር ለመሥራት ግን አይበቃም፣ ሞክሬው አይቻለሁ።

"የመጨረሻቸው ነው" ብለህ ጻፍክልኝ። እኔም የኔን የመጨረሻ ላስታውስህ፣ ሁላችሁም ሰው ፊት ስለማታነሱት የረሳችሁት ይመስለኛል። ያን ክረምት እናንተ ጎጆው ሰንብታችሁ ስትወርዱ እኔ ሥራዬን ትቼ መምጣት ስላልቻልኩ ቀርቼ ነበር። በሳምንቱ ከጓደኛዬ ከሺርሊ ጋር ሁለታችን ብቻ ወጣን። መንገድ ላይ የበረዶ ውሽንፍር ያዘን፣ የሺርሊ ጉልበት ወለቀ፣ እየጎተትኳት ጎጆው ስንደርስ መሽቶብናል። በረዶው በሩን እስከ ክፈፉ ውጦታል። አይዞሽ አልኳት፣ አካፋ አለ፣ አሁን እንገባለን አልኳት። እጄን ወደ ሚስማሩ ሰደድኩ። ሚስማሩ ባዶውን ነበር።

አካፋ ደጅ ይሰቀላል። አባባ ይህን ያስተማሩን "አባታችን ሆይ"ን ሳያስተምሩን በፊት ነው። መጨረሻ የሚወጣ ሰው እሳት ማቀጣጠያውን አዘጋጅቶ፣ መስኮቱን ከውስጥ ቀርቅሮ፣ በሩን ዘግቶ፣ አካፋውን ከበሩ በላይ ይሰቅላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ማን እንደሆነ፣ በምን ሁኔታ እንደሚመጣ አይታወቅማ። አንተ ልጅ ሆነህ አንድ ቀን ረስተህ አስገብተኸው፣ ዳግመኛ እንዳትረሳ ብለው በባዶ እጅህ በረዶ ሲያስዝቁህ አላመሹም? እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ አለቅስ ነበር። እንግዲህ እኔም በእጄ ዛቅሁ። ጓንቴ ረጠበ፣ ቀጥሎ ተቀደደ፣ ቀጥሎ ጣቶቼ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም ነበር። በሩ ሲከፈት አካፋው ምድጃው አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ደረቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃለህ። ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት አባባ ሱቁ መሐል ቆመው፣ ፐርሲም ኤድናም ግማሹ ከተማም እየሰማ፣ "እኔ ሰቅዬው ነበር፤ የተራራ ደንብ የማያውቅ ሰው ቤቴ አስገብቼ ልጄን ጣት አልባ አደረግኳት" አሉ። ስሙን አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም፤ ልትወርዱ ስትሉ ጓንቴን ረሳሁ ብሎ ወደ ጎጆው የተመለሰው ቲቦር እንደሆነ ሁላችሁም አይታችኋል። ሃንጋሪ የተወለደ ሰው ስለ አካፋ ምን ያውቃል ተባለ። ልንጋባ ቀን ቆርጠን ነበር። አንተ ለሠርጉ አዲስ ሸሚዝ ገዝተህ ነበር፣ ለብሰኸው ይሆን?

ስለዚህ ቂሜ ከአባባ ጋር አይደለም፣ እውነትህን ነው። ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ኤድና ሥጋዬን ስትቆርጥልኝ፣ ፐርሲ እጄን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ማምሸት አልችልም። ይቅርታ በልልኝና ያለኔ ይውጡ።

አንድ ነገር ብቻ። "አንዳንድ ነገር ይረሳሉ" ብለህ ዘልለህ አለፍከው። ምንድን ነው የሚረሱት?

ኖሪን


ጂንዳባይን፣ ጁላይ 11 ቀን 1983

እህቴ ኖሪን፣

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ማሪዮን ጻፈው አለችኝ፣ ፐርሲ ተወው አለኝ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፣ ደስ ይበልሽ።

የሚረሱት ትንንሽ ነገር ነው። ሻይ ላይ ጨው ይጨምራሉ። ኬሪንን ኖሪን እያሉ ይጠሯታል፣ እሷም አቤት ትላለች። አንድ ጠዋት ያን በከብት ነጂነታቸው ዘመን ይጋልቡት የነበረውን ግራጫ ፈረስ ዛሬ ማን መገበው ብለው ጠየቁኝ፤ እኔ እንኳ ፈረሱን በፎቶ ነው የማውቀው። መገብኩት አልኳቸው። ዘንድሮ የጀመራቸው መስሎኝ ነበር። ማሪዮን ግን "አንተ ሳታይ ቀርተህ ነው፣ ቆይቷል" ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ለክረምቱ እንጨት ልናስገባ ወጥተን ነበር፤ አባባ፣ ፐርሲ፣ ኬሪንና እኔ። ለእንጨት ሲሆን እሳቸውን ማን ያስቀራቸዋል። ኖሪን፣ እንዴት ያለ ቀን መሰለሽ። ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ጠዋት ጠራ። ባሕር ዛፎቹ በረዶ ተሸክመው እስከ መሬት ጎብጠዋል። አባባ ቁልቁለቱን እኔ ከምወርደው በተሻለ ወረዱት፤ ሰውነታቸው የረሳው ነገር የለም። ፐርሲ ጅረቱን እዘላለሁ ብሎ በላዩ የተጋገረው በረዶ ተናደበትና እስከ ወገቡ ገባ። አባባ ዳር ላይ ቆመው፣ "ፐርሲ፣ ከገባህ አይቀር ዓሣ ይዘህ ውጣ" አሉት። በረመጥ ዳቦ ጋገርን፣ የፐርሲን ሱሪ እሳት ላይ ሰቀልን፣ ሩምም ቀማመስን። እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም። አንቺ የለሽም እንጂ አልኩ በልቤ።

ስንወርድ እንደ ወጉ አባባ መጨረሻ ቀሩ። እሳቸው እያሉ በሩን ሌላ ሰው አይዘጋም፣ ታውቂዋለሽ። ወደ ጅረቱ ከወረድን በኋላ ኬሪን የአንገት ልብሷን ረስታ ተመለሰች። ሚስማሩ ላይ አካፋ የለም። በሩን ከፍታ ብታይ ውስጥ ምድጃው አጠገብ ቆሟል። አውጥታ ሰቀለችውና ሮጣ ደረሰችብን። "አያቴ፣ አካፋውን ረሱት" ስትላቸው አልተቆጡም። "አልረሳሁትም" አሏት። "ውርጭ ላይ ሲያድር እጀታው ይሰነጠቃል። እኔ ከሆነ ጊዜ ወዲህ አስገባዋለሁ።"

ፐርሲ ይህን እንዳልጽፍልሽ የለመነኝ ምን እንደምታስቢ ስለሚያውቅ ነው። እኔም አውቃለሁ። ግን የዘንድሮ ነገር የዘንድሮ ነው። ያረጀ ሰው ዛሬ ያደረገውን ያኔም አድርጎታል ማለት አይቻልም። እባክሽ የያኔውን ከዚህ ጋር አታያይዢው።

ወንድምሽ ራስል


ጂንዳባይን፣ ጁላይ 25 ቀን 1983

ኖሪን፣

ሦስት መስመር ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ያን ቀን መጨረሻ የወጡት አባባ ናቸው ወይ፣ አዎ ወይም አይደለም ብለህ መልስ ስላልሽኝ እመልሳለሁ።

አዎ። ያን ቀን ጅረቱ ጋ ጓዝ እያሰርን ስንጠብቅ ቀድሞ የመጣው ቲቦር ነው። ጓንቱን አጥልቆ እያፏጨ ወረደ። አባባ የመጡት ከሱ በኋላ ነው፣ ቆየት ብለው። በሩን የዘጉት እሳቸው ናቸው።

ይህን እያወቅህ እንዴት ዝም አልክ ትዪኛለሽ። ማወቄን አላወቅሁም ነበር፣ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም። አባባ ከኋላ መሆናቸውን ማን ይቆጥረዋል? ሁልጊዜ ከኋላ ናቸው። እኛ መጨረሻ ማን ተመለሰ ብለን ስንጠያየቅ ከኛ ከሌሎቻችን ማን ተመለሰ ማለታችን ነበር። እሳቸው ሰቅያለሁ ካሉ ተሰቅሏል። ፐርሲን ትናንት ጠየቅሁት፤ እሱም እንደኔ ሲቆጥር አባባን ሳይቆጥር ነው የኖረው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ምግብ አልበላልህ ብሎኛል።

ራስል


ዳርዊን፣ ኦገስት 6 ቀን 1983

ራስል፣

ምግብ ይበላልህ። አንተን የምቀጣበት ጊዜ የለኝም።

ቲቦርን አገኘሁት። ኩዊንስላንድ ያሉትን የስኳር ፋብሪካዎች በስልክ ጠያይቄ አድራሻውን ወሰድኩና አንተ የጻፍክልኝን ሁሉ ጻፍኩለት። ሳይዘገይ መለሰልኝ። አግብቷል፣ ሚስቱ የዚያው አገር ልጅ ናት፣ ሴት ልጅም ወልደዋል። የጻፈውን ቃል በቃል እገለብጥልሃለሁ፣ አንብበህ ለፐርሲም አስነብበው።

"ጓንቴን ልወስድ ስገባ አባትሽ ምድጃውን በአካፋው ይጠርጉ ነበር። ይቅርታ ብዬ አልፌያቸው ጓንቴን አነሳሁ። ልወጣ ስል አካፋውን እንዳይረሱት ልላቸው አሰብኩና አፈርኩ። ለአባትሽ ለአንገስ ስለ አካፋ የሚነግር ማነው? እዚያ ቤት ገና እንግዳ ነበርኩ። ብናገር ኖሮ ጣቶችሽ ይኖሩ ነበር፣ በዚህ እኔም እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ። ያኔ ለምን አልነገርከኝም ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ አላስገባሁትም ብዬ ነግሬሻለሁ። አምንሃለሁ አልሽኝ። በማግስቱ ደግመሽ ጠየቅሽኝ። ከዚያ በኋላ የአባትሽን ስም ባነሳ ምን ይጠቅመኝ ነበር?"

ይኸው ነው። አልሰደበኝም፣ ደህና ሁኚ ብሎ ፈረመ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ደግሜ የጠየቅኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። እጄ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል፣ እሱ ሾርባ ያጎርሰኛል። አባባ ገና መውጣታቸው ነበር። "እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም" አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። እኔ ማንኪያውን ሲያስቀምጥ ጥፋተኛ ነው ብዬ ደመደምኩ።

እመጣለሁ። ኦገስት 20 በአውሮፕላን ኩማ እገባለሁ፣ የሚቀበለኝ ሰው ላክ። ለአባባ ኖሪን ትመጣለች ብለህ ንገራቸው፣ ሌላ ነገር አትንገራቸው። ጎጆው እንወጣለን፣ እራት ይቀርባል፣ እነዚያ ሱቁ ውስጥ ቆመው የሰሙት ሁሉ በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ። ያኔ አካፋውን ማን እንዳስገባው እናገራለሁ። አባባ የሰውን ስም ያጠፉት ሰው እየሰማ ነው፤ እውነቱንም ሰው እየሰማ ይሰሙታል። ቲቦር እዚያ አይኖርም፣ አይጠቅመውም፣ አውቃለሁ። እኔን ይጠቅመኛል።

ስለ ሹራቡ ኤድናን አመስግንልኝ። ያስፈልገኛል።

ኖሪን


ጂንዳባይን፣ ኦገስት 13 ቀን 1983

ኖሪን፣

መምጣትሽን ለአባባ ነገርኳቸው። ተነስተው ካፖርታቸውን ለበሱ። ገና ሳምንት አለ ብላቸው እንኳ እራት እስኪቀርብ ድረስ አላወለቁትም።

እኔ ግን መውጣት አልችልም። ሱቁ ውስጥ ከመሰላል ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሯል። ሆን ብዬ እንዳደረግኩት እንደምትጽፊልኝ አውቃለሁ፣ ጄሶውን መጥተሽ ማየት ትችያለሽ። ማሪዮን እኔንና ሱቁን ለመጠበቅ ትቀራለች። የምትወጡት አንቺ፣ አባባ፣ ኬሪን፣ ፐርሲና ኤድና ናችሁ። አባባ ሁለቱም ልጆቼ ካልመጡ አልወጣም ማለታቸውን ረስተውታል።

እዚያ ስለማልኖር አሁን ልናገር። አትናገሪ እባክሽ። ለቲቦር እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ፣ ፐርሲም ይፈርምበታል፤ ይህን ማድረግ ነበረብን፣ እናደርገዋለን። ነገር ግን አባባን ተያቸው። ሐኪሙን አማከርኩት። ብትነግሯቸው ያን ማታ ይገባቸዋል አለኝ፣ ምናልባት ጠዋት ረስተውት ይነሳሉ፣ ወይ ደግሞ ለምን እንዳዘኑ ሳያውቁ ሐዘኑ ብቻ ይቀራቸዋል። ይቅርታ የሚጠይቅሽ ሰው ጠዋት አይኖርም። ለማን ብለሽ ነው ታዲያ የምትናገሪው?

ደግሞ እሳቸው ያላቸው ይህ ብቻ ነው። እዚህ አገር ስንት ሰው በሳቸው ደንብ ተርፏል፣ መንገድ ላይ ሰው ቆብ ያነሳላቸዋል። ይህን ከወሰድሽባቸው ምን ይተርፋቸዋል?

አባታችን ናቸው፣ ኖሪን።

ራስል


ኩማ፣ ኦገስት 29 ቀን 1983

ራስል፣

አውሮፕላኑ እስኪመጣ ሆቴል ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ትናንት ሳልሰናበትህ መሄዴ ማሪዮንን እንዳስቀየማት አውቃለሁ። ቤትህ ብገባ ምን ሆነ ብለህ ትጠይቀኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ አንተ ፊት ማልቀስ አልፈለግኩም። ኬሪን የነገረችህ ይኖራል፤ እሷ ግን ሁሉም ነገር አልገባትም።

አወጣጣችን ጥሩ ነበር። አባባ ፊት ፊት እየሄዱ መንገድ ከፈቱልን። ቁልቁለቱ ላይ ስወድቅ ቆመው ጠበቁኝና፣ "ዳርዊን ላይ ቁልቁለት የለም መሰለኝ" አሉኝ። ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። አንድ እጅ ብቻ የመንሸራተቻ በትር ሲይዝ ሰው ወደ አንድ ጎን ይጎተታል፣ እየተጎተትኩ ደረስኩ። በሩ ጋ ስንደርስ ፐርሲ ቀድሞኝ ሄዶ አካፋውን ከሚስማሩ አወረደ። ዓይኔን አላየኝም።

አባባ አንተ ያልከውን ያህል አልደከሙም፣ ወይም እዚያ ሲሆኑ ይሻላቸዋል። እሳቱን አቀጣጠሉ፣ እርጥቡን ጫማ ሁሉ ደረደሩ፣ ማን የት እንደሚተኛ አዘዙ። ኤድና የበግ ወጧን ሠራች። የምናገረውን ከዳርዊን ጀምሮ በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ረዥም አልነበረም። ኤድና ለሁሉም ቀድታ እስክትቀመጥ ጠበቅሁ። ተቀመጠች። አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ።

"ያ ሃንጋሪው ልጅ የት ቀረ?" አሉ።

ፐርሲ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ቲቦር" አሉ፣ ያልሰማናቸው መስሏቸው። "እንጨት የሚፈልጠው። ይዘሽው አልመጣሽም?"

"አልመጣም አባባ" አልኩ። "አልተጋባንም እኮ።"

"ምን ነካችሁ?"

ራስል፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። ከዚህ በላይ ምን ይመቸኛል? ፐርሲ ጣሪያውን ያያል። ኤድና ጭልፋውን ይዛ ቀርታለች። ኬሪን አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ታያለች። "ያላደረገውን አደረገ ተባለ" አልኳቸው።

"ማን አለ?"

ዓይናቸውን አየሁት። እንደምታውቀው ሲዋሹ የግራ ዓይናቸው ይጠባል፤ አልጠበበም። ምንም አልነበረበትም። በእውነት ማን እንዳለ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ። እርስዎ ብዬ ላወጣው ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"ሰው አለ" አልኩ።

"አንቺስ? አመንሽ?"

"አመንኩ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። በጣም አዘኑ፣ ለሱ እንጂ ለኔ አይደለም። እጄን ሳቡና በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ያንን እጄን፣ ምን ሆኖ ነው ሳይሉ። "ጨዋ ልጅ ነበር" አሉኝ። "አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አስነግሮኝ አያውቅም። እኔ አባትሽ አንድ ቀን አልጠረጠርኩትም፣ አንቺ ልታገቢው የነበርሽው ጠረጠርሽው? የሰው ወሬ ሰምተሽ እንዲህ ያለ ሰው ትለቂያለሽ?"

ለማን ብለሽ ነው የምትናገሪው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ዝም ያልኩት አዝኜላቸው እንዳይመስልህ። ያንተ ልመናም ሠርቶ አይደለም። ዝም ያልኩት እውነት ስለተናገሩ ነው። ስለራሳቸው የተናገሩት ሐሰት ነው፣ ስለኔ የተናገሩት ግን እውነት ነው፣ ደግሞ ያንን ከሳቸው ሌላ የነገረኝ ሰው የለም። አንተ አልነገርከኝም። ቲቦርም አክብሮ በአንድ መስመር አልፎታል። አካፋውን ያስገቡት እሳቸው ናቸው፣ ስሙን ያጠፉት እሳቸው ናቸው። ሾርባ እያጎረሰኝ ደግሜ የጠየቅኩት ግን እኔ ነኝ። ሰው እየሰማ ሊወጣ የነበረው የሳቸው ጉድ መስሎኝ ነበር፣ የወጣው የኔ ነው። የወጣውም በገዛ አባቴ አፍ፣ በቅን ልብ።

በማግስቱ ፐርሲ ውሃ ልንቀዳ ስንሄድ ተከትሎኝ መጣና "እንኳን ዝም አልሽ" አለኝ። ባልዲውን ራሱ ላይ ልደፋበት ምንም አልቀረኝ። ለቲቦር የምትጽፉትን ጻፉ፣ እንደምትጽፉ ቃል ገብተሃል። እኔ ሁለተኛ አልጽፍለትም፣ ሚስት አለው።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ልጨርስልህ። አባባ እጄን ሳይለቁ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ፣ መፍትሔ ያገኙ መሰለኝ።

"ግድ የለም" አሉኝ። "ይቅርታ ጠይቂው። እኔም አናግረዋለሁ፣ እኔን እምቢ አይልም። ለከርሞ ክረምት ይዘሽው ነይ።"

"እሺ አባባ" አልኳቸው።

ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ እፎይ ብለው ማንኪያቸውን አነሱ።

ኖሪን